አነበበ ብሎ የሚመሰክር ማን ነው? የጎልማሶች ምዘና ታሪክ ከሰሜን ተራሮች ግርጌ

በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የኢትዮጵያው ጳጳስ አቡነ ማርቆስ ቅስና ሲሰጡ ቆሞ ተመልክቷል። ከየአገሩ የመጣው ሰው ሜዳውን ሞልቶታል። እጩው ሁሉ በተራው እየቀረበ ከተገለጠለት መጽሐፍ ጥቂት ቃላት ያነባል፤ ያነበበውን ቀኝ ክንዱ ላይ በቀለም ማኅተም ይመቱታል፤ ማኅተም ያለው ወደ ጳጳሱ ያልፋል። አልቫሬዝ እንደጻፈው በዚያ ቀን የተሾሙት ከ2,000 በላይ ነበሩ። በአገራችን ለአዋቂ ሰዎች ከተሰጡትና በጽሑፍ ከተመዘገቡት የንባብ ፈተናዎች እኔ የማውቀው ቀደምቱ ይህ ነው። አጭር ነው፣ ጥልቅም አይደለም። ሆኖም ከዚያ በኋላ ለአራት መቶ ሃምሳ ዓመታት ያህል በቀላሉ ያልተገኙ ሁለት ነገሮች ነበሩት፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፣ ፈታኙም ተማሪውን ያስተማረው መምህር አልነበረም።

ከሰሜን ተራሮች ግርጌ፣ ከአምቢኮም ይሁን ከጃናሞራ፣ ከዳባትም ይሁን ከደባርቅ ተነሥቶ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ወደ ጎንደር ሊቃውንት የሚወርደው ተማሪ ግን ሌላ ዓይነት ምዘና ነበር የሚጠብቀው። የቤተ ክህነቱ ትምህርት ፈተና ቀን የለውም፤ በየቀኑ ነው። ተማሪው ትናንት የተቀበለውን ዛሬ በመምህሩ ፊት ያሰማል፤ ካላሳለፈ አዲስ አይሰጠውም። ፊደል፣ ንባብ፣ ዳዊት እያለ ይሄዳል። «ዳዊት ደግሟል» የተባለ ሰው ወሎም ይሂድ ጎጃም ምን ያህል እንደተማረ የሚጠይቀው የለም፤ ያለ አንዳች ወረቀት በመላ አገሪቱ የሚታወቅ ደረጃ ነበርና። ይህን ደረጃ ማክበር ይገባል። ጉድለቱንም መናገር ይገባል። ንባቡ በግእዝ ነው፤ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር ሳይደናቀፍ የሚወርድ ሰው የሚያነበውን ቃል ትርጉም ላያውቅ ይችላል። ይህም እንደ ጉድለት አይቆጠርበትም፤ ትርጓሜው ከብዙ ዓመት በኋላ በመጻሕፍት ቤት የሚመጣ ነውና። ሴቶች ደግሞ ከጥቂት የመኳንንት ልጆችና ከመነኮሳይያት በቀር ከዚህ ሁሉ ውጭ ነበሩ። ማንበብ ማለት ድምፅ ማውጣት ነው ወይስ መረዳት ነው የሚለው ጥያቄ በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያቋቋሙት ትምህርት ቤት የልጆች ነበር። አዋቂው ተራ ያገኘው ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ መንግሥት ጸሐፊና የሒሳብ ሠራተኛ፣ ፖሊስና የስልክ ሠራተኛ ሲያስፈልገው ነው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ «ብርሃነህ ዛሬ ነው» የሚባል የጎልማሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ቀን ሲሠራ የዋለ ሰው ማታ ደብተሩን ይዞ ይመጣ ነበር። የማታ ትምህርት ሲስፋፋ አዋቂው ከልጆች ጋር አንድ ፈተና መቀመጥ ጀመረ፤ 8ኛ ክፍል ላይ ሚኒስትሪ፣ 12ኛ ላይ ማትሪክ። ባለ ትዳሩ አሥር አለቃ ከአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጎን ተቀምጦ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይሠራል። አንድ ዓይነት ፈተና ነው፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን የተዘጋጀው ሙሉ ቀን ለሚማር ልጅ ነበር። አዋቂው በሥራና በኑሮ ያከማቸው እውቀት በዚያ ወረቀት ላይ ቦታ አልነበረውም።

በ1948 ዓ.ም.፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑበት ሃያ አምስተኛ ዓመት ሲከበር፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከ18 እስከ 50 ዓመት ያለ ማንበብ የማይችል ሰው ሁሉ በትርፍ ጊዜው አማርኛ ማንበብና መጻፍ እንዲማር ጥሪ አቀረቡ። ጥሪው በከተማ ተሰማ፤ ዕድር፣ ቤተ ክርስቲያንና በጎ ፈቃደኛ አስተማሪ ባሉበት ሥራ ጀመረ። የሰሜን ደገኛ ግን ገብሱን እያጨደ፣ በጉን ወደ ደባርቅ ገበያ እየነዳ እንደወትሮው ቀጠለ። ደብዳቤ ሲመጣ ቄሱ ያነቡለታል፤ ፊርማ ሲጠየቅ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል።

በ1958 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ማን እንደሆነ ብይን አወጣ፤ ስለ ዕለት ኑሮው የተጻፈ አጭርና ቀላል ዓረፍተ ነገር እየተረዳ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው። «እየተረዳ» የምትለዋ ቃል በጣም ከባድ ሆና ተገኘች። በ1965 እ.ኤ.አ. በቴህራን የተሰበሰቡት የትምህርት ሚኒስትሮች ትምህርቱ ከሥራ ጋር የተያያዘ እንዲሆን ተስማሙ። ከዚያ የተወለደው የዓለም የሙከራ ፕሮግራም በ11 አገሮች ተካሄደ፤ ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች። በ1968 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ሥራ ተኮር የመሠረተ ትምህርት ፕሮጀክት ጭላሎን፣ ወላይታንና የከፋውን አጋሮን ያዘ፤ የእርሻ ልማት ድርጅቶች ባሉበት፣ ቡናና ስንዴ ገበያ በሚወጣበት። ሰሜን ከዝርዝሩ ውስጥ አልገባም።

በሰሜን በዚያው ሰሞን የመጣው ሌላ ነገር ነው። በ1962 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ ተቋቋመ። የት ማረስ፣ የት ማሰማራት፣ ምን መቁረጥ እንደማይቻል የሚደነግግ ጽሑፍ ማንበብ በማይችል ሕዝብ ግጦሽና እርሻ ላይ ወጣ። ይህን የምጽፈው ዋልያን ከጥፋት ያዳነውን ሥራ ለማሳነስ አይደለም፤ ከዚያ ዓመት ጀምሮ የሰሜን ገበሬ ማንበብ አለመቻሉ የሚያስከፍለው ዋጋ ስለጨመረ ነው።

ወደ ዩኔስኮው የሙከራ ፕሮግራም ልመለስና፣ እርሱ ከሌሎቹ የሚለየው ለመለካት በመድፈሩ ነው። ተማሪው ከመግባቱ በፊት ምን እንደሚያውቅ፣ ሲወጣ ምን እንደቻለ፣ በእርሻው ላይ ምን እንደተለወጠ በመጠይቅና በፈተና ተከታተለ። ውጤቱ ጥሩ ዜና አልነበረም። በ11ዱ አገሮች ከተሳተፈው ወደ አንድ ሚሊዮን ከሚጠጋ ሰው የማንበብና መጻፍ ደረጃ የደረሰው 120,000 ያህል ብቻ ነበር። ዩኔስኮ በ1976 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ራሱ በግልጽ አሳተመ። እኔ ለዚህ ሪፖርት ትልቅ አክብሮት አለኝ፤ የሠሩት ሰዎች ያገኙትን ጻፉ። መንግሥታት ግን ከሪፖርቱ የተማሩት ሌላ ነገር ይመስላል። ጥብቅ ፈተና ትንሽ ቁጥር ያመጣል፤ ትልቅ ቁጥር የፈለገ ዘመቻ ያውጅ።

ዘመቻው መጣ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ 60,000 የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። ከሥራቸው አንዱ ፊደል ማስቆጠር ነበር፤ ይሁን እንጂ የመሬቱ አዋጅ፣ የገበሬ ማኅበር ማደራጀቱና የፖለቲካው ግጭት ጊዜያቸውን በላው። ዋናው የፊደል ዘመቻ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም.።

ስለ ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በግማሽ ልብ መናገር አይቻልም። የአገሩ ሰው በአብዛኛው በገዛ ገንዘቡና ጉልበቱ ያካሄደው ነው። ትምህርቱ በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ አሥራ አምስት ደረሰ፤ ሁሉም በግእዝ ፊደል። ደባርቅ ያኔ የሰሜን አውራጃ፣ ዳባት የወገራ አውራጃ ከተሞች ነበሩ፤ በሁለቱም አውራጃዎች ቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ የዛፍ ጥላ ሁሉ ክፍል ሆነ። ከብት ጠባቂው ልጅ፣ ሴት አያቱና አባቱ በአንድ ሰሌዳ ፊት ተቀመጡ። በዓመት ሁለት ዙር ነበር። ጀማሪው የመጀመሪያውን መጽሐፍ ይጨርሳል፤ በዙሩ ማብቂያ ንባብ፣ ጽሕፈትና ሒሳብ ይፈተናል፤ ያለፈ የምስክር ወረቀት ይቀበላል፤ ያላለፈውና ያቋረጠው ለማሻሻያ ዙር ይመለሳል፤ ያለፈው ደግሞ ስለ ጤና፣ ስለ እርሻ፣ ስለ ንጽሕና በቀላል አማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት ወዳሉበት ተከታታይ ትምህርት ይሸጋገራል። በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠው ዓለም አቀፍ የንባብ ማኅበር ሽልማት ለዘመቻው አስተባባሪ ኮሚቴ ተሰጠ። ሽልማቱ የተገባ ነበር። በአርባ ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሟን የጻፈች እናት ያገኘችውን ማንም አይወስድባትም።

ፈተናው ግን እንዴት ይሰጥ እንደነበር ማየት ያስፈልጋል። የሚፈትነው ያስተማረው ሰው ነው፤ ወይም በቅርብ የሚያውቀው የአጎራባች ቀበሌ አስተማሪ። የሚያርመውም እርሱ ነው። ከፈተናው በኋላ ያለፉትን ቁጥር ወደ ቀበሌ ይልካል፤ ቀበሌው ወደ ወረዳ፣ ወረዳው ወደ አውራጃ፣ አውራጃው ወደ ክፍለ ሀገር። በእያንዳንዱ እርከን ላይ የሚጠበቅ ዕቅድ አለ። በዚያ ዘመን ዕቅዱን ያላሟላ ሊቀመንበር ለምን እንዳላሟላ መጠየቁ አይቀርም፤ ትምህርት የቀረ ሰውም ከቀበሌው ቅጣት ይደርስበት ነበር። በእንዲህ ያለ ሰንሰለት ውስጥ ተማሪን መጣል ራስን መጣል ነው። አስተማሪው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ከፊቱ የተቀመጡትን እማማ በሁለት ነጥብ ጉድለት ወደ ኋላ መመለስ ልቡ እንዴት ይፈቅድለታል? ከበላዩስ ምን ይጠብቀዋል?

ሌላው ነገር የሚነበበው ጽሑፍ ነው። አዋቂ ሰው የማስታወስ ችሎታው ጠንካራ ነው፤ በተለይም በቃል በሚኖር ማኅበረሰብ ውስጥ። አንድን መጽሐፍ ስድስት ወር ሲሰማ የኖረ ተማሪ ገጹን ከሥዕሉ እያስታወሰ ሊወርደው ይችላል። አይቶት የማያውቀውን ጽሑፍ ካልሰጡት አነበበ ወይስ አስታወሰ ብሎ መለየት አይቻልም። ሒሳብ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በጉን ሲሸጥ፣ ገብሱን በቁና ሲሰፍር፣ እርሻውን በጥማድ ሲገምት ስሕተት የማይገኝበት የሰሜን ገበሬ ወረቀት ላይ ተደርድሮ የመጣ መደመር ሲያይ እጁ ይታሰራል። በቃሉ ያለው ስሌት አልተጠየቀም፤ የተጠየቀው አዲሱ አጻጻፍ ነው። ጥሩ መመዘኛ ሁለቱን ለይቶ ይጠይቃል፤ መጀመሪያ በቃል፣ ቀጥሎ በጽሑፍ።

መንግሥት በዘመቻው ከ10 በመቶ በታች የነበረው ማንበብ የሚችል ሕዝብ ወደ 63 በመቶ ከፍ እንዳለ አስታወቀ። ሌሎች ምንጮች በዚያው ጊዜ 37 በመቶ ያህል ገመቱት። በሰሜን የዚያ ዘመን መጨረሻ የጦርነት ዘመን ነበር፤ በተራሮቹ ዙሪያ ታጣቂዎች ተፈራረቁ፣ የፓርኩ ሠፈሮች ወደሙ፣ ሠራተኞቹ ለቀው ወረዱ። ምስክር ወረቀቱን የተቀበለው ገበሬ የሚያነበው ጋዜጣ አልደረሰውም፤ ልጁ ለጦርነት ተወሰደ። የማይነበብበት ንባብ በጥቂት ዓመት ይረሳል። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ዘመቻው አብሮ ቆመ፤ ለዘመቻው የታተሙት ብዙ ሚሊዮን መጻሕፍት ተተኪ አልመጣላቸውም።

በ1987 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ተካሄደ። ዕድሜው አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ሕዝብ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ከ23 በመቶ ጥቂት ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ከ63 ወደ 23! ይህን ልዩነት ብዙ ሰው የዘመቻው ውሸት ማስረጃ አድርጎ ጠቅሶታል። እኔ እንዲህ በቀላሉ አልደመድምም። የቆጠራው ሠራተኛ በር ላይ ቆሞ አባወራውን «የቤተሰቡ አባላት ማንበብና መጻፍ ይችላሉ ወይ?» ብሎ ጠየቀ፤ የተባለውን ጻፈ። አንድም ሰው ጽሑፍ አልቀረበለትም። ሚስቱ መሠረተ ትምህርት ጨርሳ የምስክር ወረቀት ያላት ባል «እሷ? የለም» ብሎ ሊመልስ ይችላል። 63 ያስተማሪው ምስክርነት ነው፤ 23 ደግሞ የአባወራው። አንባቢውን በሁለቱም ጊዜ ገለልተኛ ሰው አልፈተነውም።

ከቆጠራው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1989 ዓ.ም.፣ ዳባት አንድ ያልተለመደ ነገር አገኘች። የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ በወረዳዋ የሥነ ሕዝብና የጤና ክትትል ማዕከል አቋቋመ፤ መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ልደትና ሞት መመዝገብ ጀመሩ። ሥራው ስለ ጤና ነው። ሆኖም ለዳባት ገበሬ ቤቱ ድረስ መጥቶ ሕይወቱን በጥንቃቄ የሚጽፍ፣ ዓመት አልፎም ተመልሶ የሚጠይቅ ሰው አዲስ ነገር ነበር። የጎልማሶች ትምህርት እስከ ዛሬ የዚህ ዓይነት ክትትል አላገኘም፤ ያው ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ያነብ እንደሆነ ተመልሶ የሚያይ የለም።

በ1992 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሲካሄድ ነው ጽሑፍ ወደ ሰው እጅ የመጣው። በየአምስት ዓመቱ ገደማ ሲካሄድ የቆየው ይህ ጥናት ዋና ጉዳዩ የእናቶችና የሕፃናት ጤና ነው፤ በመካከሉ ግን አንድ ትንሽ ካርድ አለ። በካርዱ ላይ በቀላል ቋንቋ አንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፏል። ጠያቂዋ ካርዱን ለእናቲቱ ትሰጥና «ይህን ያንብቡልኝ» ትላለች። መልሱ በመደብ ይመዘገባል፤ ምንም አላነበቡም፣ ከፊሉን አነበቡ፣ ሙሉውን አነበቡ፣ በቋንቋቸው የተጻፈ ካርድ አልተገኘም፣ ዓይናቸው አያይም። በትምህርት የገፉት ሳይፈተኑ እንደሚያነቡ ይቆጠራሉ፤ ሌላው ሁሉ ያነባል። በ2005 እ.ኤ.አ. ከሴቶች 29 በመቶ፣ ከወንዶች 59 በመቶ ማንበብ ቻሉ ተባለ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ሴቶች 42፣ ወንዶች 69 ደረሱ። እነዚህን ቁጥሮች ከቀደሙት ሁሉ የበለጠ አምናለሁ። ፈታኟ ያላስተማረች፣ ዕቅድ የሌላት፣ ማለፍና መውደቁ የማይነካት ሰው ናት።

ካርዱም ወሰን አለው። ከ49 ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶች በጥናቱ አይካተቱም፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያስተማራቸው ብዙዎቹ እናቶች በ2016 እ.ኤ.አ. ከዚህ ዕድሜ አልፈው ነበር። ዓረፍተ ነገሩን በድምፅ ማውጣት ይበቃል፤ ምን እንደሚል የሚጠይቅ የለም። በፊደላችን ይህ ትልቅ ልዩነት ያመጣል፤ ፊደል የለየ ሰው የማያውቀውን ቃል እንኳ ሊጠራው ይችላልና፤ ዳዊት ደጋሚው እንደሚያደርገው። በመጨረሻም ማንም የማያነሳው የዓይን ነገር አለ። ከአርባ ዓመት በኋላ የቅርብ ነገር ማየት ለማንም ይከብዳል። መነጽር በማይገኝበት ደጋ ላይ ከጢስ ቤት ብቅ ያለች እናት ካርዱን ወደ ብርሃኑ ዘርግታ «አይታየኝም ልጄ» ስትል ማንበብ አለመቻሏ ነው ወይስ አለማየቷ? መዝጋቢዋ መፍረድ አለባት። ጎልማሳን የሚፈትን ሰው ከደብተሩ በፊት የንባብ መነጽር ቢይዝ ምዘናው በአንድ ቀን ይሻሻላል ብዬ አምናለሁ።

በ1997 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የመንግሥት ትኩረት በሙሉ ልጆችን 1ኛ ክፍል ማስገባት ላይ ነበር። ጎልማሶቹ የተመለሱት በ2000 ዓ.ም. በወጣው ብሔራዊ የጎልማሶች ትምህርት ስትራቴጂ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት በየቀበሌው ተከፈተ፤ ሁለት ዓመት የሚፈጅ፣ ንባብና ስሌትን ከግብርና፣ ከጤናና ከገቢ ማግኛ ሥራ ጋር የሚያያይዝ። የሚያስተምረው «አመቻች» ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ 10ኛ ወይም 12ኛ የጨረሰ የቀበሌው ልጅ፣ ወይም በቀን ሥራው ላይ ተደርቦለት የመጣ መምህር ነው። የልማት ሠራተኛውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየተራቸው ገብተው እንዲያስተምሩ ታስቧል።

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ለሰሜን ሰው የተመቸ ነው ማለት ይቻላል። ስለ ገብስ ዝገት እየተነጋገሩ «ገብስ» የሚለውን ቃል መጻፍ ትርጉም አለው። ፈተናው ላይ ግን የ1971ዱ ችግር ተመልሶ መጣ። ፈተናውን የሚያወጣው ብዙ ጊዜ አመቻቹ ራሱ ነው፤ ወይም ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አንድ ወረቀት ያዘጋጅና በየጣቢያው ይልካል። በአንዱ ቀበሌ ጥያቄው በቃል ይነበብላቸዋል፣ በሌላው በወረቀት ይሰጣቸዋል፤ አንዱ ሁለት ሰዓት ይሰጣል፣ ሌላው እስኪጨርሱ ይጠብቃል። ሲደመር አንድ ቁጥር ሆኖ ይወጣል እንጂ ከውስጡ ያሉት ፈተናዎች አንድ አይደሉም። ትምህርት ሚኒስቴር በአምስተኛው የትምህርት ዘርፍ ልማት ፕሮግራም የጎልማሶችን የመማር ውጤት መለካት እንደሚያስፈልግ ሲጽፍ ይህን ክፍተት ያውቀው ነበር።

ሥራውን እንደ ራስ ደጀን ግርጌ ባለ ቦታ ላይ አስቡት። አምቢኮ ወደ ራስ ደጀን የሚወጡ እንግዶች ድንኳን የሚተክሉባት የመሽሐ ወንዝ አካባቢ መንደር ናት። እዚያ ጎልማሳ ለመፈተን ቀኑን መምረጥ ራሱ ሙያ ነው። አጨዳ ላይ ማንም አይመጣም፤ በገበያ ቀን ማንም አይመጣም፤ በወሩ ውስጥ ያሉትን በዓላት ማወቅ አለባችሁ። እናቶች ሕፃን አዝለው ይመጣሉ፤ ልጅ የሚይዝላቸው ካልተዘጋጀ ወረቀቱ ግማሽ ላይ ይቀራል። ፈተና የሚለው ቃል ራሱ ያስፈራቸዋል። በቤተ ክርስቲያን የሚሰሙት ፈተና የሰይጣን ነውና፤ በዚያ ላይ ልጆቻቸው ወድቀው ሲያለቅሱ አይተዋል። ለዚህ ነው ጥሩ አመቻች የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች ሁሉም እንዲመልሷቸው አድርጎ የሚያዘጋጀው፤ ስማቸውን እንዲጽፉ፣ የልጃቸውን ስም እንዲጽፉ። ከዚያ ነው ከክሊኒክ ካርድ ላይ የቀጠሮ ቀን ፈልጉ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ያለውን ኪሎ አንብቡ፣ ይህን በሁለት እርሻ አካፍሉ የሚለው የሚመጣው። እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ ያወጣ ሰው ከማንኛውም አገር ባለሙያ አያንስም። የጎደለው ያንኑ ጥያቄ በየቀበሌው በአንድ አኳኋን የሚሰጥ፣ ተማሪውን በማያውቅ ሰው የሚያሳርም ሥርዓት ነው።

የሚገርመው ያ ሥርዓት በሌላ በር በኩል ደባርቅ መድረሱ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ የሙያ ብቃት ምዘናን አመጣ፤ ሰዉ ሁሉ «ሲኦሲ» የሚለው። ለእያንዳንዱ ሙያ የተጻፈ ደረጃ አለ፤ ተመዛኙ በጽሑፍና በተግባር ይፈተናል፤ መዛኙ ከሙያው ውስጥ የሚመጣ፣ ያላሠለጠነው ሰው መሆን አለበት። ውጤቱ ሁለት ነው፤ ብቁ፣ ወይም ገና ብቁ ያልሆነ። «ገና» የምትለዋ ቃል ሩኅሩኅ ናት፤ በሩን አትዘጋም። ዋናው ቁም ነገር ግን ሙያውን የት ተማርክ ብሎ አለመጠየቁ ነው። ከአባቱ ግንበኝነት የተማረ፣ ለእንግዶች ተራራ ላይ ምግብ በማብሰል ዓመታት የቆየ ሰው ችሎታውን አሳይቶ ወረቀት ማግኘት ይችላል።

ይህ በደባርቅ ትልቅ ነገር ነው። በ2008 ዓ.ም. በፓርኩ እምብርት የነበሩት የግጭ መንደር 418 አባወራዎች ወደ ደባርቅ ከተማ እንዲዛወሩ ተደረገ፤ በዓመቱ፣ በ2009 ዓ.ም.፣ ፓርኩ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተመዘገበበት በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ወጣ። ዓለም ደስ አለው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ገብስና በግ የሚያውቁት እነዚያ ገበሬዎች ግን ከተማ ገብተው በአዲስ ሙያ መመዘን ግድ ሆነባቸው። የተግባሩን ፈተና በእጃቸው ሊያልፉት ይችላሉ፤ የጽሑፉ ፈተና ግን አራት አማራጭ ይዞ ይጠብቃቸዋል። በሰላሳ ዓመት ልምድ የተካነ ሰው «ሀ» እና «ለ»ን መለየት ስላቃተው ብቻ «ገና ብቁ ያልሆነ» እንዳይባል ጥያቄው በቃል ሊነበብለት ይገባል፤ ንባብን መመዘን ሌላ ነው፣ ሙያን መመዘን ሌላ ነው። ይህን ሳይለዩ መመዘን በደል ነው ብዬ እናገራለሁ።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ በትግራይ የተነሣው ጦርነት ዳባትና ደባርቅ አጠገብ ደረሰ፤ የገጠሩ ሰው ወደ ከተማ ተሰደደ፣ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። የልጆች ክፍል ሲዘጋ የማታው የጎልማሶች ክፍል አስቀድሞ ይዘጋል፤ የሚጠቀሙት በአንድ ክፍልና በአንድ ሰሌዳ ነውና።

የሕዝብና ቤት ቆጠራ በሕገ መንግሥቱ በየአሥር ዓመቱ መደረግ ያለበት ነው። ሦስተኛው በ1999 ዓ.ም. ተካሄደ፤ አራተኛው በ2010 ዓ.ም. ይደረጋል ተብሎ ተላለፈ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ተላለፈ፣ እስካሁንም አልተካሄደም። ስለዚህ የዳባት፣ የደባርቅና የአምቢኮ ጎልማሳ ማንበብ ይችል እንደሆነ ቤቱ ድረስ ተሄዶ በቆጠራ የተጠየቀው ለመጨረሻ ጊዜ በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ የነበረ ልጃገረድ ዛሬ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆናት እናት ናት፤ ተምራ ከሆነም፣ ትምህርቷን ረስታው ከሆነም፣ ያንን የያዘ መዝገብ የለም።